የአያ ሁሴን ጥላ አምስት አልገባ አለ

ሰዓት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ እኮ! አስተውላችኋል? ድሮ መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው አስቁሞህ ይጠይቅህ ነበር። አንተም እጅጌህን ሰብሰብ፣ ግንባርህን ቋጠር አድርገህ እንደ ትልቅ ሰው ትነግረዋለህ። አሁን ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው። በዚህ ነገር ሆዴ ቢያር አትፍረዱብኝ፤ እኔ ቆቦ ላይ አስፋልት ዳር ቁጭ ብዬ ሰዓት የምጠግን ሰው ነኝ።

የሚመጣልኝን ደንበኛ ደግሞ ብታዩ! አንድ ሐጂ አሉ፣ ሰዓታቸው ከቆመ ዓመታት አልፎታል። እሳቸው ግን በየጊዜው ይመጡና ማሰሪያውን አጥብቅልኝ ይሉኛል። ሐጂ፣ ባትሪ ልቀይርበት እንዴ ብላቸው፣ ተው ልጄ፣ ሲሄድ ያስቸኩለኛል አሉኝ። ሌላው ደግሞ የጠገንክልኝ ሰዓት ይፈጥናል ብሎ ሊጣላኝ መጣ። ከምን ጋር አነጻጽረህ ነው ብለው፣ ከሮቢት ሚኒባስ ጋር አለኝ። በሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው ሚኒባስ በሦስት ተኩል ሲነሳ ጥፋተኛው የእኔ ሰዓት ሆኖ አረፈ።

የሚኒባሱስ ነገር! ረዳቱን መቼ ነው የምንሄደው ብትሉት ሰዓት አይነግራችሁም። «ሁለት ሰው!» ይላችኋል። ሁለት ሰው እኮ እኛ ዘንድ የጊዜ ስም ነው። ከሃያ ደቂቃ ይጀምርና እስከ ቀትር ይዘልቃል። ሁለቱ ሰዎች መጥተው ሲገቡ፣ ቀድመው ገብተው የነበሩ ሦስቱ ተሰላችተው ወርደዋል። እንደገና ሦስት ሰው!

እና እኔ እንዲህ ባለው ዓለም መሐል ተቀምጬ፣ ጊዜን በትክክል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እውነቴን ነው። ሁለት ሰዓት አስሬ ነበር የምሄደው፣ አንዱ ቢሳሳት አንዱ እንዲያርመው። ይሄን ትዕቢቴን ያወለቀችልኝ አክስቴ ዘሃራ ናት።

ዘሃራ የአባቴ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሮቢት አጠገብ ያለችውን ማሳ ራሷ ነው የምታርሰው፣ ራሷ ነው የምታጠጣው። አጭር ናት። አጭር ስላችሁ እንዲሁ አጠር ያለች እንዳይመስላችሁ፤ ማሽላ መሐል ከገባች በድምፅዋ ካልሆነ አትገኝም። እግሯማ አይነሳ! ገበያ ስትወጣ ጫማ የምትመርጠው ከልጆች ክምር ነው። ምላሷ ግን አላህ ሲፈጥራት ከቁመቷ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ላይ የጨመረላት ነው የሚመስለው።

የእሷና የጎረቤቶቿ ማሳ የሚጠጣው ከወንዙ በተጠለፈ ቦይ ነው። ቦዩ አንድ፣ ገበሬው ብዙ። ስለዚህ ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚዳኙት የውሃ አባት ይባላሉ፤ አሁን ያሉት አባ ይመር ናቸው፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ። የዘሃራ ተራ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ጥላ አምስት ጫማ እስኪሆን ድረስ ነው። ከዚያ እስከ ማታ የአያ ሁሴን ነው፤ የእሱ ማሳ ሰፋ ይላል።

ጥላ አምስት ጫማ ምን ማለት መሰላችሁ? ፀሐይ ላይ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ። አባ ይመር የራሳችሁ ጥላ የሚያርፍበት ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። ከዚያ ከቆማችሁበት ተነስታችሁ፣ ባዶ እግራችሁን ተረከዝ ከጣት እያገጣጠማችሁ እስከ ጠጠሩ ትቆጥራላችሁ። ጠዋት ጥላ ረጅም ነው። ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ ከፍ እያለች በሄደች ቁጥር ያጥራል። አምስት ሊሆን ሲል ውሃ የያዘውም ይለካል፣ ውሃ የሚቀበለውም ይለካል። ሁለቱም አምስት ካሉ ቦዩ ይዞራል። አለቀ። ባትሪ የለ፣ ቻርጅ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ደመና ሲሆንስ? ደመና ሲሆን አባ ይመር ሆዳቸውን ዳበስ ዳበስ ያደርጉና፣ ቁርስ ከበላሁ ይሄን ያህል ሆነኝ ብለው ይፈርዳሉ። በዚህም የተጣላ የለም።

ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። ግን እስኪ አስቡት፣ የክርስቲያኑ አያት ጾሙን የሚፈታበትን ሰዓት ያወቀው በጥላ ነው። የእኛስ ዐስር ሶላት መግባቱ የሚታወቀው በምን ሆነና? በጥላ ነው። ራያ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ሰዓት ነው ያሰረው ማለት ነው፣ እሱም ከእግሩ ሥር ነው የተነጠፈው።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መሐል ነው አያ ሁሴን የተነሳው። አያ ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ። ረጅም ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ስለሚረሳ ግንባሩ ከእብጠት ወጥቶ አያውቅም። እግሩ የጀልባ ያህል ነው፤ ለልኩ ጫማ ፍለጋ ወልድያ ድረስ ይሄዳል። አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ ሒሳብ አውቃለሁ ይላል። ታዲያ አንድ ቀን የዘሃራን እግር ልብ ብሎ አየውና ብድግ አለ።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። የዘሃራ እግር የሕፃን እግር ነው። በዚያች ትንሽ እግር አምስት ጊዜ ስትራመድ የምትሸፍነው መሬት ምን ያህል ነው? ኢምንት። ስለዚህ ጥላዋ በእሷ እግር አምስት እስኪገባ ድረስ ፀሐይዋ የት ደርሳለች! እስከዚያ ውሃውን ይዛለች። ስለዚህ ዘሃራ ዕድሜ ልኳን ውሃ ስትሰርቅ ኖራለች።

ሰው ሁሉ አመነ። ነገሩ ሒሳብ ይመስላላ! አባ ይመርም ጢማቸውን እያሻሹ፣ እንዴት እስከ ዛሬ አልታየንም አሉ። እኔ ራሴ ቆቦ ሆኜ ወሬው ሲደርሰኝ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? የኔ ነገር! አክስቴን ታዘብኳት። ሁለት ሰዓት ያሰርኩት ሰውዬ፣ እውነቱን ነው አያ ሁሴን፣ ትንሽ እግር ትንሽ ይለካል ብዬ ለጎረቤቴ ሳስረዳ ዋልኩ።

ተፈረደባት። ከእንግዲህ የሚለካው የዘሃራ ጥላ ብቻ ነው፣ እሱም በአያ ሁሴን እግር ተባለ። በእሱ እግር ደግሞ ጥላዋ ገና በጊዜ አምስት ይገባል። ውሃው መሐል ላይ ይቆረጥባታል። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፣ የተከለችው ሽንኩርት ሥሩ መወፈር የጀመረበት፣ አንድ ቀን ውሃ የማይታለፍበት ጊዜ ነው። ከማሳዋ ጫፍ ያሉት መደቦች ውሃ ሳያዩ ቀሩ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መተኛት ጀመረ።

እሱስ ይሁን። አያ ሁሴን ያገኘውን ሒሳብ ለብቻው መያዝ አቃተው። ሮቢት ገበያ ላይ ቆሞ አወራ። ሠርግ ቤት አወራ። መስጊድ በር ላይ ሳይቀር አወራ። ዘሃራ የውሃ ሌባ ተባለች። እኛ አገር ሌላውን ሁሉ ሁን፣ የውሃ ሌባ ብቻ አትሁን። ሴቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩባት። አንዷማ አብረው ሲሄዱ፣ እስኪ እግርሽን አሳይኝ አለቻት።

ያን ቀን ነው የደወለችልኝ። ሰላምታ የለ ምን የለ። ና አለችኝ። ሰዓቶችህንም ይዘህ ና።

ሄድኩ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው እያለ ቀትር ሆነ፤ እንደምንም ደረስኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ትልቅ ነገር ነው፤ አባ ይመር ዘንድ ቀርቤ፣ በዚህ ዘመን በእግር መለካት ምን ጣጣ ነው፣ ይኸው ሰዓት፣ በሰዓት አድርጉት አልኩ። ክንዴን ዘርግቼ አሳየኋቸው። አባ ይመር ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። ጥሩ ይመስላል አሉ። አያ ሁሴን ግን ራሱን ነቀነቀ። ይሄ ሰዓት የማን ነው አለ። የእኔ ነው አልኩ። አንተስ የማን ነህ አለ። የእሷ የወንድም ልጅ አልኩ። በቃ፣ ሰዓቱ ዘመዷ ነው፣ ለእሷ ያደላል አለ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለ! ወላሂ፣ ስንት ዓመት ስሠራ ሰዓት በዝምድና ሲከሰስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ዘሃራ ተመለስኩ። የደረቀውን መደብ እያሳየችኝ ነበር። እያሳየችኝ ሳለ እንባዋ መጣ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ ሰው ስታጽናና ነው የዋለችው። ሽንኩርቱ ይድረቅ አለች። ሽንኩርት ነገም ይተከላል። ሌባ ተብዬ ግን አፈር አልገባም። ደግሞ ሞኝነቴ አልለቀኝምና፣ አክስቴ፣ እግርሽ ግን እውነት ትንሽ ነው እኮ አልኳት።

እንዴት እንዳየችኝ! እንባዋ ባንዴ ደረቀ። እግሬ ትንሽ ነው አለች። እኔስ? ጥላዬንስ ከአያ ሁሴን ተዋስኩት? እግሬ ትንሽ ከሆነ ቁመቴም ትንሽ ነው፣ ቁመቴ ትንሽ ከሆነ ጥላዬም ትንሽ ነው። ትንሽ ጥላ በትንሽ እግር፣ ትልቅ ጥላ በትልቅ እግር! እሱ የእኔን አጭር ጥላ በዚያ መርከቡ እየለካ ውሃዬን ይወስዳል፣ እናንተ ሒሳብ ነው ትላላችሁ አለች።

ግንባሬን መታሁ። እንዴ! እንዴ! ይሄን ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት። ነገርኳቸው አለች። ግን እኔ ስናገር ሌባ ስትከራከር ነው የሚሰማቸው። በወሬ አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ ነው ማቆም አለችኝ። በማግስቱ ቦዩ ዳር ተቀምጬ በሰዓቴ ያዝኩት። በእሷ እግርና በእሱ እግር መካከል አንድ ሙሉ ሰዓት ነው ያለው! በየተራው አንድ ሰዓት ውሃ። ሌባ ፍለጋ ወጥቶ ሰርቆ የተመለሰ እሱ ነው፣ ያውም ሳያውቀው።

ዘሃራ ግን ይሄን አላነሳችም። አባ ይመር ፊት ቀረበችና አቤቱታዬን ትቻለሁ አለች። በአያ ሁሴን እግር መለካቱን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሰው ለራሱ እንዳያደላ፣ እኔ በእሱ እግር ከተለካሁ እሱም እንደ ድሮው ይለካ፣ ግን በእኔ እግር። አባ ይመር አሰቡት። ፍትሕ ነው አሉ። አያ ሁሴን ሳቀ። ቢዘገይ ስንት ሊዘገይ ነው? ደግሞ የሴት እግር ፈርቶ እምቢ አለ መባልን አልወደደም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ ወላሂ፣ ጥላዬ በእሷ እግር አምስት ካልገባ በዚያ ቀን ውሃውን በእጄ አልነካም ብሎ ማለ። መሐላ! ማን ማል አለው? ዘሃራ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን አየኋት፣ ሳቋን ነው የዋጠችው።

ተራው ደረሰ። ወሬው ስለተሰማ ሰው ከየማሳው ተሰብስቧል፤ ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት ተነስተው የመጡም አሉ። ገና በጊዜ የዘሃራ ጥላ በአያ ሁሴን እግር ተለካ። አምስት! አያ ሁሴን አካፋውን አንስቶ ወደ ቦዩ ሊሄድ ሲል አባ ይመር፣ ቆይ እንጂ፣ ያንተስ አሉት። ቆመ። ጠጠር ተቀመጠ። ዘሃራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ በዚያች እግሯ ቁጭ፣ ቁጭ እያደረገች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት … ስምንት! አካፋው ተመልሶ መሬት ተቀመጠ።

ይሁን፣ እንጠብቃለን አለ። ጠበቁ። ሰባት ሆነ። ሰው ፀሐዩን ሸሽቶ ቦዩ ዳር ያለው ግራር ሥር ገባ፤ አያ ሁሴን ብቻ መሐል ላይ ቆሟል። ስድስት ተኩል ሆነ። በዚህ መሐል ውሃው ያለው የት ነው? ዘሃራ ማሳ ላይ! ሁለቱም አምስት ካላሉ ቦዩ አይዞርማ። የደረቁት መደቦች አንድ በአንድ ይጠጣሉ። ድምፁ ይሰማኛል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስድስት ላይ ሲደርስ ጥላው ቆመ። አላጥርም አለ። አያ ሁሴን ሻሹን አወለቀ፤ ምንም። ቀስ ብሎ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ። አባ ይመር፣ ቀጥ በል ሁሴን፣ እናትህ እንዳቆመችህ ቁም ብለው ጮሁበት። እንደገና ተለካ። ስድስት። ትንሽ ቆይተን ለካን፤ ስድስት አልፏል! ሰዓቴን አየሁ፣ ቀትር አልፏል። ብድግ ብዬ፣ አያ ሁሴን፣ አትልፋ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች፣ ከእንግዲህ ጥላህ ማደግ ነው አልኩት። በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትርም ቢሆን አናት ላይ አትወጣም፣ ያ ረጅም ጥላ በዘሃራ እግር ወሩን ሙሉ ቢለካም አምስት አይገባም።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ግራሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ተንከባለለ። አባ ይመር ግን አልሳቁም። ራሳቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሱና፣ ሁለታችሁም ጎን ለጎን ቁሙ አሉ። ቆሙ፤ የአንዱ ጥላ እዚያ፣ የአንዷ እዚህ። አሁን እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ እግር ለኩ አሉ። ለኩ። ሁለቱም እኩል ጨረሱ።

«አምስት!» አለች ዘሃራ።

«አምስት …» አለ አያ ሁሴን፣ እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው።

እሰይ! ሰው ጮኸ። እልል ያለችው እስኪ እግርሽን አሳይኝ ያለቻት ሴት ናት። እኔ እንኳ ሁለቱንም ሰዓቴን ወደ ሰማይ አንስቼ ዘልያለሁ፣ ምን እንዳዘለለኝ አላውቅም። አያ ሁሴን እግሮቹን አየ፣ የዘሃራን እግሮች አየ፣ እዚያው መሬት ቁጭ አለ። ክፉ ሰው አይደለም ብያችሁ የለ? በድያታለሁ አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። ውሃዋን ወስጃለሁ፣ ስሟንም ወስጃለሁ፣ አፉ በሉኝ አለ።

ዘሃራ ከአጠገቡ ያለውን አካፋ አነሳች፤ አካፋው ከእሷ ይረዝማል። የእሷ የመጨረሻ መደብ ጠጥቷል። ወደ ቦዩ ሄዳ ውሃውን በገዛ እጇ ወደ አያ ሁሴን ማሳ ለቀቀችው። አንተ ምለሃል፣ አትንካ፣ እኔ ግን አልማልኩም አለችው። የአያ ሁሴን ዓይን እንባ ሞላ። አላህ ያክብርሽ እትዬ አለ። እትዬ ሲላት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ገና አልጨረስንም አለች እሷ ደግሞ። በድያታለሁ ያልከው ለዚህ ቦይ ነው። ሌባ ናት ያልከው ግን ሮቢት ገበያ ላይ ነው፣ ከጠዋት እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት። ሌባ አይደለችም ብለህም እዚያው፣ የዚያኑ ያህል ታወራለህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አንተ ባለ ሰዓት፣ ከጎኑ ቁምና ያዝልኝ፣ ቀድሞ ካቆመ ትነግረኛለህ አለችኝ። አባ ይመርም አጸደቁት። በዚህ ነገር ሰዓቱ ዘመዷ ቢሆንም ግድ የለም አሉ።

በገበያው ቀን ሮቢት መሐል ቆምን፣ አያ ሁሴንና እኔ። እትዬ ዘሃራ ሌባ አይደለችም ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ሰከንድ። አለውና ወደ እኔ አየ። ሰዓቴን አሳየሁት፣ ገና ነው። እንደገና አለው። ሰው ምን ነካው ብሎ ከበበው። ታዲያ ምን ያድርግ፣ ማስረዳት ጀመረ። አጭር ሰው አቆመ፣ ረጅም ሰው አቆመ፣ ጫማ አስወለቀ፣ ጠጠር አስቀመጠ፣ አስቆጠረ። ሰውም እየተለካ፣ እየሳቀ፣ የዘሃራን ስም እያነሳ ዋለ። እሷ ወጣ ብላ ከቃሪያ ሻጮቹ ኋላ ቆማ ትሰማለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ፤ ያን ቀን ረጅም ትመስል ነበር።

የዙህር አዛን ሲል ትከሻውን ነካ አደረግኩት። አያ ሁሴን፣ ሞልቷል፣ በቃህ አልኩት። ላቡ በፊቱ ይወርዳል፣ ድምፁ ተዘግቷል። እጄን ከትከሻው ላይ አነሳው።

«ቆይ እንጂ!» አለኝ። «ከጎብዬ የመጡት ገና አልሰሙም።»